የ«አምፖል ተቃጥሏል» ምልክት ሲመጣ፦ ኦፕን ሎድን በርቶ ሳለና ጠፍቶ ሳለ መፈተሽ

ክረምት ላይ ሐረጎን ጉም ሲሸፍነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከፊት ያለ መኪና የሚለየው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። የፍሬን መብራት የሌለው የጭነት መኪና ኩርባ ላይ ቆሞ ቢገኝ፣ ከኋላው ለሚመጣው ሰው የማሰቢያ ጊዜ የለም። ዳሽቦርድ ላይ «የኋላ መብራት አይሠራም» የሚል ምልክት ሲመጣ በቁም ነገር መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። በየጋራዡ በብዛት የሚደረገው ግን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አምፖሉ ይቀየርና ምልክቱ ሲመለስ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ወይ ትልቅ ሬዚስተር ይታሰርና ምልክቱ ዝም እንዲል ይደረጋል። ሁለቱም ሳይለኩ የሚደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ባለመኪናውን ገንዘብ ያስወጣሉ።

ካቻቢቴ ከመያዝዎ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማብሪያው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ መብራቱን የሚያበራው ቺፕ፣ ስህተቱን ያየው መብራቱ በርቶ ሳለ ነው ወይስ ጠፍቶ ሳለ? ሁለቱ ፈተናዎች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። የሚሳሳቱበት መንገድ ይለያያል፤ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

ማብሪያው ምንድን ነው?

በድሮ መኪኖች መብራት የሚያበራው ሪሌ፣ የሚጠብቀውም ፊውዝ ነበር። በአዳዲሶቹ ግን ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ትንሽ ጥቁር ቺፕ ነው። በውስጡ ያለው ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ከባትሪው ፖዘቲቭና ከአምፖሉ መካከል ይቀመጣል፤ የአምፖሉ ሌላ ጫፍ በማሳ ማለትም በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ፖዘቲቩን ስለሚቆርጥ «ሃይ ሳይድ» ይባላል። የኢንፊኒዮን «ፕሮፌት» እና የኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ «ቪአይፓወር» የሚባሉት ቤተሰቦች በብዙ መኪኖች ውስጥ ይገኛሉ። ቺፑ ሾርት ሲገጥመው ራሱን ይቆርጣል፤ ሲግል ይቆርጣል፤ ከዚያም በላይ የሚያልፈውን ከረንት ለኮምፒውተሩ ይናገራል። «ሎድ» የሚባለው በጫፉ ላይ ያለው ነገር ነው፦ አምፖል፣ ፋን፣ ክላክስ፣ ሪሌ። «ኦፕን ሎድ» ማለት ደግሞ ማብሪያው ከጫፉ ላይ ሎድ አጣሁ ማለቱ ነው። አምፖል ተቃጥሎ፣ ሽቦ ተቆርጦ፣ ሶኬት ተነቅሎ ወይም ማሳ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ቺፑ እነዚህን አይለይም።

በርቶ ሳለ የሚደረገው ፈተና

ቺፑ ሲበራ የሚያልፈውን ከረንት በተወሰነ ቁጥር አሳንሶ፣ ለኮምፒውተሩ በሚናገርበት «ሴንስ» በሚባለው እግሩ ያወጣል። ለምሳሌ የመቀነሻው ቁጥር 1500 ቢሆንና 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፖል ቢበራ፣ አምፖሉ 1.75 አምፔር ይወስዳል፤ ሴንሱ 1.17 ሚሊአምፔር ያወጣል። ይህ በ1.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲያልፍ 1.4 ቮልት ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ይህንን ነው። ቁጥሩ ከተወሰነ ወሰን ሲያንስ «ኦፕን ሎድ» ይላል።

ጥንካሬው እውነተኛውን ከረንት መለካቱ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከረንቱ ባነሰ ቁጥር ሴንሱ ትክክለኛነቱን ያጣል፤ በጥቂት መቶ ሚሊአምፔር ላይ ስህተቱ በአሥሮች በመቶ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ አምፖሎች ተደርበው በአንድ መስመር ሲሠሩ ትንሹ አይታይም። ፊትና ኋላ 21 ዋት፣ ጎን ላይ 5 ዋት ያለው ፍሬቻ በድምሩ 3.9 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ጎኑ ያለው ሲቃጠል የሚቀነሰው 0.42 አምፔር ነው፤ ማለትም 11 በመቶ። ባትሪው ከ11.5 ወደ 14.4 ቮልት ሲወጣ ግን የአምፖሎቹ ከረንት በራሱ ከ12 በመቶ በላይ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቮልቴጁን ከስሌቱ ውስጥ የማያስገባ ኮምፒውተር የጎኑን አምፖል መቃጠል በጭራሽ አያውቅም። ደንበኛው «ጎኑ አይበራም፣ ዳሽቦርዱ ግን ዝም ብሏል» ካለ የኮምፒውተሩ ብልሽት አድርገው አይውሰዱት።

ጠፍቶ ሳለ የሚደረገው ፈተና

ይህኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ብዙ ችግርም የሚፈጠርበት ነው። መብራቱ ሳይበራ ኮምፒውተሩ በአንድ ሬዚስተር በኩል ጥቂት ከረንት ወደ መስመሩ ይለቃል። ቮልቴጁን ወደ ላይ ስለሚስብ «ፑል አፕ» ይባላል፤ እዚህ ሳቢው ሬዚስተር እንበለው። 1.5 ኪሎኦም ነው ብለን እንያዝ። ባትሪው 12.6 ቮልት ከሆነ የሚለቀቀው ከረንት ከ8.4 ሚሊአምፔር አይበልጥም። አምፖሉ ካለ ከረንቱ በአምፖሉ አልፎ ማሳ ይገባል፤ ቀዝቃዛ የ21 ዋት አምፖል ከ1 ኦም በታች ስለሆነ በመስመሩ ላይ የሚታየው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። አምፖሉ ከሌለ ከረንቱ መሄጃ ያጣና መስመሩ ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ይወጣል።

«ወጣ» የሚባለው ስንት ሲሆን ነው? እንደ ቺፑ ነው። «ኤም ዜሮ-ሰባት» በሚባለው የኤስቲ ቪአይፓወር ትውልድ ወሰኑ ከማሳ ሲቆጠር ከ2 እስከ 4 ቮልት ባለው ውስጥ ነው። በኢንፊኒዮን ባለ12 ቮልት ፕሮፌት ፕላስ ደግሞ የሚቆጠረው ከባትሪው ወደ ታች ነው፤ በባትሪውና በመስመሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 እስከ 6 ቮልት ካለው ወሰን ሲያንስ ኦፕን ይላል። አንድ ዓይነት ኤልኢዲ አምፖል በአንዱ መኪና ምልክት አምጥቶ በሌላው ዝም የሚለው በዚህም ምክንያት ነው።

አሁን በደንብ ሊያዝ የሚገባው ነገር። በ1.5 ኪሎኦም ሳቢ፣ መስመሩ 2 ቮልት ለመድረስ በጫፉ ላይ ያለው ተቃውሞ 280 ኦም ገደማ መሆን አለበት፤ 4 ቮልት ለመድረስ ደግሞ 700 ኦም ገደማ። ሶኬቱ ዝጎ 100 ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር አምፖሉ በጭራሽ አይበራም፤ ጠፍቶ ሳለ የሚደረገው ፈተና ግን 0.8 ቮልት ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ይላል። አምፖሉ ጨልሞ ስካነሩ ንጹሕ የሚሆንበት ምስጢር ይህ ነው። እንዲሁም በአንድ መስመር ካሉ ሁለት አምፖሎች አንዱ ቢቃጠል ይህ ፈተና አያየውም፤ ቀሪው መስመሩን ወደ ታች ይዞታልና። ሾርትንም ከአምፖል አይለይም፤ ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ናቸው።

በጠረጴዛ ላይ ይሞክሩት

መኪና ከመንካትዎ በፊት ይህን አንድ ሰዓት ወስደው ቢሠሩት በኋላ ብዙ ቀን ይቆጥብልዎታል። ቺፑ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው፦ 12 ቮልት ባትሪ፣ 5 አምፔር ፊውዝ፣ 12 ቮልት 21 ዋት አምፖል ከነሶኬቱ፣ ለዚያው ሶኬት የሚሆን ኤልኢዲ አምፖል፣ 1.5 ኪሎኦም ግማሽ ዋት፣ 10 ኪሎኦም፣ 4.7 ኪሎኦም፣ 100 ኦም ባለ 5 ዋት፣ 0.1 ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተሮች፣ አንድ ተራ ማብሪያና ዲጂታል ቴስተር። ሬዚስተሮቹ ከአሮጌ የቴሌቪዥንና የፓወር ሰፕላይ ሰሌዳ ተነቅለው ይገኛሉ፤ ከመጠቀምዎ በፊት እያንዳንዱን ይለኩ።

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዙ በኩል ወደ ማብሪያው ያምጡ፤ ከማብሪያው በ0.1 ኦም በኩል ወደ አምፖሉ፤ ከአምፖሉ ወደ ኔጌቲቭ። የ1.5 ኪሎኦሙን ሬዚስተር ከፊውዙ በኋላ ተነስቶ በቀጥታ ከአምፖሉ ፖዘቲቭ ጋር ያገናኙት፤ ማብሪያውንና 0.1 ኦሙን ያልፋል ማለት ነው።

2. ማብሪያው ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የአምፖሉን ፖዘቲቭ ይለኩ። ከ10 ሚሊቮልት በታች ያገኛሉ። አምፖሉን ይንቀሉ፤ ቴስተሩ ወደ 12.6 ይዘላል። የጠፍቶ ሳለ ፈተና ማለት ይህ ብቻ ነው።

3. አምፖሉን መልሰው ያብሩ። በ0.1 ኦሙ ሁለት ጫፎች ላይ 175 ሚሊቮልት ገደማ ያነባሉ፤ ይህ 1.75 አምፔር ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ትንሽ ይበልጣል። የበርቶ ሳለ ፈተና ይህ ነው።

4. የ100 ኦሙን ሬዚስተር ከአምፖሉ ፊት በተከታታይ ያስገቡ፤ ሳቢውም መለኪያውም ከ100 ኦሙ በፊት ይሁን። ሲያበሩ አምፖሉ ጨለማ ነው፣ 0.1 ኦሙ ላይ 12 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሲያጠፉ መስመሩ 0.8 ቮልት ነው። አንዱ ፈተና «ተቆርጧል» ይላል፣ ሌላው «ደህና»። የ100 ኦሙ ሬዚስተር ስለሚሞቅ በርቶ እንዲቆይ አይተዉት።

5. አምፖሉንና የ100 ኦሙን አውጥተው በቦታቸው 4.7 ኪሎኦም ያስገቡ። ይህ ውሃ የገባበትን ሶኬት ይወክላል፤ አምፖሉ የለም፣ ነገር ግን በእርጥበቱ በኩል ጥቂት ከረንት ወደ ማሳ ይሾልካል። በ1.5 ኪሎኦም ሳቢ 9.5 ቮልት ያነባሉ፤ ኦፕን መሆኑ ግልጽ ነው። ሳቢውን ወደ 10 ኪሎኦም ይቀይሩት፤ ንባቡ ወደ 4 ቮልት ይወርዳል፤ ባትሪው 11 ቮልት ሲሆን ደግሞ ወደ 3.5። አሁን ከወሰኑ መሃል ገብቷል፤ አንዳንዴ ይያዛል፣ አንዳንዴ አይያዝም። በሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ጠዋት የሚታይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሶኬቱ ሲደርቅ የሚለወጥ ምልክት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንዲህ ያለ እርጥበት ነው።

6. የኤልኢዲ አምፖሉን ያስገቡ። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ መስመሩ ብዙ ቮልት ላይ ይቆማል፤ በውስጡ ሦስት ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ ካሉ 8 ቮልት አካባቢ። ክፍሉን ቢያጨልሙት ኤልኢዲው በደካማው ሲያበራ ያያሉ። በሳቢው በኩል የሚያልፈው 3 ሚሊአምፔር ገደማ ለዚያ በቂ ነው። ማታ ቆሞ ሳለ መብራቱ ጭል ጭል የሚል መኪና ሽቦው ሾርት አድርጎ ላይሆን ይችላል።

መኪናው ላይ

መጀመሪያ ምልክቱ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ። ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ፣ መብራቱ ሳይነካ ምልክቱ ከመጣ ጠፍቶ ሳለ የሚደረገው ፈተና ነው የተናገረው። ፍሬን ሲረገጥ ወይም ፍሬቻ ሲበራ ብቻ ከመጣ በርቶ ሳለ የሚደረገው ነው። ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ የሚመታ ከሆነ ይህም የበርቶ ሳለ ፈተና ነው።

ስካነር ካለዎት ኮዱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በብዙ መኪኖች ከኮዱ ኋላ ሁለት አሃዞች ይከተላሉ። 11 ወደ ማሳ ሾርት፣ 12 ወደ ባትሪ ሾርት፣ 13 ኦፕን ማለት ነው። 14 «ወደ ማሳ ሾርት ወይም ኦፕን»፣ 15 «ወደ ባትሪ ሾርት ወይም ኦፕን» ነው። 15 ሲመጣ ኮምፒውተሩ መስመሩ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፣ ምክንያቱን ግን መለየት አልቻለም። ሶኬቱን ነቅለው ፖዘቲቭ ከሌላ ሽቦ እየገባ እንደሆነ መፈለግ የእርስዎ ሥራ ነው። በተሳቢ መኪኖች ገመድ ውስጥ ሁለት ሽቦ ተፋቅቶ ሲነካካ ይህ ይፈጠራል።

ቀጥሎ ልኬቱ። አምፖሉን ነቅለው በሶኬቱ ላይ በዲጂታል ቴስተር 12 ቮልት ቢያገኙ «ፖዘቲቭ አለ» ብለው አይደምድሙ። የቴስተሩ ውስጣዊ ተቃውሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ስለሆነ፣ በሳቢው ሬዚስተር የሚመጣውን ደካማ ቮልቴጅ ሙሉ አድርጎ ያሳያል። ኤልኢዲ ያለው ቴስት ላምፕም እንዲሁ ያታልላል፤ ጥቂት ሚሊአምፔር ይበቃዋል። ትክክለኛው መፈተኛ ሁለት ሽቦ የተበየደበት ተራ የ21 ዋት አምፖል ነው። እሱ ከበራ መስመሩ እውነተኛ ከረንት ይሸከማል። አንድ ጥንቃቄ፦ ይህን አምፖል ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ቱቦ ባለው የኤርባግ መስመር ላይ በጭራሽ አይሞክሩት፤ ኤርባጉ ሊፈነዳ ይችላል።

አምፖሉ ሶኬቱ ላይ በርቶ ሳለ የቮልቴጅ ኪሳራውን በሁለት ቦታ ይለኩ። ቀዩን መርፌ በኮምፒውተሩ ወይም በፊውዝ ሳጥኑ መውጫ፣ ጥቁሩን በአምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ መንገድ ላይ የዛገ ሶኬት ወይም የተቆራረጠ ሽቦ አለ። ከዚያ በአምፖሉ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ማሳው ነው። በተግባር ማሳው ቀድሞ ይበላሻል፤ በቦዲው ላይ በብሎን የታሰረው ጫፍ ጭቃና ውሃ ስለሚያገኘው ነው። ብሎኑን ፈትተው ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ፤ መልሰው ካሰሩ በኋላ በላዩ ግሪስ ይቀቡ። ከሥሩ ሳይሆን በላዩ።

ኦም ለመለካት ከፈለጉ ቁልፉን ዘግተው አምፖሉን አውጥተው ብቻ ይለኩት። የቴስተሩ ሽቦዎች ራሳቸው እስከ 0.5 ኦም ስለሚያሳዩ መጀመሪያ ሁለቱን መርፌዎች አገናኝተው ያንን ይቀንሱ። ቀዝቃዛ የ21 ዋት አምፖል ከ1 ኦም በታች ሲሆን «ሾርት ነው» ብለው አይጣሉት፤ ሲሞቅ 7 ኦም ገደማ ይሆናል።

ኮምፒውተሩን መጠርጠር የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኮምፒውተሩ ሳጥን መውጫ ፒን ላይ የ21 ዋት አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪ ኔጌቲቭ ጋር አገናኝተው መብራቱን ያዝዙ። ካልበራ፣ የሳጥኑ የራሱ ፖዘቲቭና ማሳ ደህና መሆኑን አረጋግጠው ወደ ሳጥኑ ይሂዱ። በርቶ ምልክቱ ግን ካልጠፋ የሴንሱ መስመር ነው። ከበራና ምልክቱም ከጠፋ ሳጥኑ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሽቦው ይመለሱ።

ኤልኢዲ ሲገጠምና የሬዚስተሩ ጉዳይ

በተለምዶ የሚሸጠው 6 ኦም 50 ዋት ባለ አሉሚኒየም ሬዚስተር ነው። በ14.4 ቮልት 2.4 አምፔር ይወስዳል፣ 35 ዋት ሙቀትም ያወጣል። በፍሬቻ ላይ ግማሹን ጊዜ ስለሚጠፋ ይችለዋል፤ በፍሬን መብራት ላይ ግን ሐረጎን እየወረደ ፍሬን ለረገጠ ሹፌር ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ ይግላል። ፕላስቲክ ላይ በቴፕ ታስሮ ሲገኝ ዙሪያው ቀልጦ ይገኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም። የተጻፈበትን ዋት ሙሉ በሙሉ አይመኑት።

የትኛው ፈተና እንደጮኸ ካወቁ ግን ይህን ያህል ሙቀት ላያስፈልግ ይችላል። ጠፍቶ ሳለ ያለው ፈተና ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው መስመሩን ከ2 ቮልት በታች መያዝ ነው። ሳቢው 1.5 ኪሎኦም ሲሆን፣ በ16 ቮልትም ቢሆን ከ214 ኦም ያነሰ ሬዚስተር ይበቃል። 180 ኦም ባለ 3 ዋት ከኤልኢዲው ጋር በትይዩ ያስሩ፤ ሲበራ 80 ሚሊአምፔር ብቻ ይወስዳል፣ 1.2 ዋት ገደማ ያወጣል፤ ጭል ጭል የሚለውንም ብርሃን ያጠፋል። የሳቢውን ዋጋ ለማወቅ አምፖሉን ነቅለው መስመሩን በ1 ኪሎኦም ወደ ማሳ ይያዙና ቮልቴጁን ይለኩ። ባትሪው 12.6 ሆኖ 5 ቮልት ካነበቡ ሳቢው 1.5 ኪሎኦም ገደማ ነው። የንባቡን ቮልት ከባትሪው ቀንሰው ለንባቡ ሲያካፍሉ መልሱ በኪሎኦም ይመጣል።

በርቶ ሳለ ያለው ፈተና ከሆነ ከረንቱን ማሟላት ግድ ነው። የኮምፒውተሩ ወሰን 0.9 አምፔር፣ የኤልኢዲው ከረንት 0.25 አምፔር ቢሆን የጎደለው 0.65 ነው። 15 ኦም በ11 ቮልት 0.73 አምፔር ይጨምራል፤ በቂ ነው። በ14.4 ቮልት 14 ዋት ያወጣል። ባለ 25 ዋት አድርገው በብረት ቦዲ ላይ በብሎን ያስሩት፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ አይቅር። ወሰኑን ካላወቁ ከ15 ኦም ጀምረው ወደ ታች ይሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ 6 አይሂዱ።

በ24 ቮልት መኪኖች፣ ከጅቡቲ መስመር በሚመጡት ትልልቅ የጭነት መኪኖችና በብዙ አይሱዙዎች ላይ፣ ይህን ስሌት እንደገና ይሥሩ። ያው 6 ኦም በ28 ቮልት 130 ዋት ያወጣል። ይህ እሳት ነው። በ24 ቮልት ባለ 21 ዋት አምፖል 0.88 አምፔር ብቻ ስለሚወስድ የሚሟላውም ከረንት ያንሳል።

ኤልኢዲ አምፖሎች ሌላም ችግር አላቸው። አንዳንዶቹ በውስጣቸው ትልቅ ካፓሲተር አለ። መብራቱ እንደጠፋ ካፓሲተሩ መስመሩን ለጥቂት ጊዜ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ከለካ «ኦፕን» ይላል። ትይዩው 180 ኦም ይህንንም ቶሎ ያፈሰዋል።

ቦርድ ለሚሠሩ

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ቦታ የራሳቸውን ሰሌዳ የሚሠሩ ተማሪዎች ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ።

ሳቢውን ሁልጊዜ ተገናኝቶ እንዲቆይ አያድርጉ። በእያንዳንዱ መስመር 8.4 ሚሊአምፔር፣ በ8 መስመር 67 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ መኪናው ሦስት ሳምንት ቢቆም 34 አምፔር-ሰዓት ይጠፋል። ይህ ከ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ ነው። የሳቢዎቹን ፖዘቲቭ በአንድ ፒኤንፒ ትራንዚስተር፣ ለምሳሌ በቢሲ557፣ ይቁረጡ፤ እሱንም ማይክሮኮንትሮለሩ በቢሲ547 ይዘዘው፤ ለሁለቱም ቤዝ 10 ኪሎኦም። ቢሲ557 እስከ 100 ሚሊአምፔር ስለሚችል ለ8 መስመር ይበቃል፤ ለበለጠ ሌላ ይጨምሩ። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ 47 ኪሎኦም ወደ ማሳ ያድርጉ፤ ከሞስፌቱ የሚሾልከው ከረንት ባዶውን መስመር ወደ ላይ እንዳይወስደው።

መቁረጫው ካለ ምርመራው ሙሉ ይሆናል። ሳቢው ሲገናኝ መስመሩ ከፍ ብሎ፣ ሲቆረጥ ከወረደ ኦፕን ነው። ሲቆረጥም ከፍ ብሎ ከቀረ ወደ ባትሪ ሾርት ነው። በሁለቱም ዝቅ ካለ ሎድ አለ ወይም ወደ ማሳ ሾርት ነው፤ ይህኛው የሚለየው ሲበራ ብቻ ነው።

ጊዜው ከወሰኑ እኩል ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አምፖል ሲበራ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተለመደው አሥር እጥፍ ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ከበራ በኋላ 100 ሚሊሰከንድ ጠብቀው ያንብቡ። ከጠፋ በኋላ ለአምፖል 10 ሚሊሰከንድ ይበቃል፤ ለኤልኢዲ ግማሽ ሰከንድ ይስጡት። ለፋን ብዙ ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ፋኑ ከጠፋም በኋላ እየዞረ እንደ ዲናሞ ቮልቴጅ ያመነጫል፣ ሶኬቱ እንደተነቀለም ያስመስላል። ባትሪው ከ9 ቮልት በታች ሲሆን አይፍረዱ፤ ሞተሪኖ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወድቃል። ከ16 በላይም እንዲሁ። ኮድ ከመመዝገብዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ንባብ ይስማሙ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱን አጥፍተው፣ ቁልፉን ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ቁልፉን ብቻ ከፍተው መብራቱን ሳይነኩ ስካነሩን ያንብቡ፤ ቀጥሎ መብራቱን አብርተው እንደገና ያንብቡ። ሶኬቱ እርጥብ ነበር ብለው ከጠረጠሩ በላዩ ውሃ ረጭተው ሁለቱን ንባብ ይድገሙ። አራቱም ንጹሕ ከሆኑ መኪናውን ይስጡ።